አፌ ጎጃም ቀረ

ሰውን «ምን ይናፍቅሃል?» ብላችሁ ስትጠይቁት መጀመሪያ የሚሰጣችሁ መልስ ለእንግዳ የሚቀርብ መልስ ነው። እናቴ ይላል። የአገሬ ውሃ ይላል። አየሩ ይላል፤ አየሩን ያላመሰገነ ተሰዳጅ ደግሞ እስካሁን አላየሁም። ትንሽ ታግሳችሁ፣ ጨዋታው ላላ ሲል፣ እውነተኛው ብቅ ማለት ይጀምራል። ከጎረቤት አጥር ሥር ሆና የምትጮህ አንዲት ነዝናዛ ውሻ፣ የገበያው መንገድ ጭቃ፣ አንድ ሰው ስማችንን ሲጠራ የሚያጣምምበት አጠራር። ሰው የሚናፍቀው የሚወደውን ብቻ አይደለም። አብሮት የኖረውን ነው።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ሴት ልጅ ጭንቅላቷን ለሌላ ሰው እጅ ከሰጠች በኋላ የምትደብቀው ነገር አይኖራትም። እኔም ቢጉዲን እየጠቀለልኩ የሰማሁት ናፍቆት ቢጻፍ ወረቀት ይወደድ ነበር። ስሜ እቴነሽ ነው። አባቴ ለማስተማር ከሸዋ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ በአማርኛ ተቆጥቼ በኦሮምኛ የምታረቅ ሆኛለሁ። እንደ እኔ ያለው ሰው በከተማችን ብዙ ስለሆነ ማንም አይገርመውም።

ከሰማኋቸው ናፍቆቶች ሁሉ ግን የአዴ ዲንቄን የሚመስል አልገጠመኝም። አዴ በእኛ አገር ወይዘሮ እንደማለት ነው። አዴ ዲንቄ የመብራት ምሰሶ ደርሶበት የማያውቅ መንደሯ ይናፍቃታል፤ እሱ እንኳ ደንብ ነው። የእሷን ለየት የሚያደርገው ጨለማው ጭምር የሚናፍቃት መሆኑ ነው። «ነቀምቴ ብርሃን በዝቶባታል» ትለኝ ነበር፣ መብራት እንደ ችኩል እንግዳ መጥቶ ሳይቀመጥ በሚሄድበት ሰፈር ተቀምጣ።

የመጣችው ከጊዳ አያና ነው፣ በዚያ በክፉው ጊዜ። ከባሏና ከልጆቿ ጋር ዘመድ ቤት ተጠግታ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየኋት አንድ ጠዋት ቤቴን ስከፍት ነበር። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አቅፋ በረንዳዬ ላይ ቆማለች። ሕፃን ነው እንዳልል አራት ማዕዘን ነው።

«አካም ቡልተን?» አለችኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ። ደህና አድሬያለሁ አልኳት። ፀጉሯን ልትሠራ የመጣች መስሎኝ ወንበሩን ሳስተካክል፣ «ይቺ በረንዳሽ ላይ የምታርፈዋ ፀሐይ፣ ትሠሪባታለሽ?» አለችኝ።

በዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ልመና አይቻለሁ። ጨው የሚለምን፣ እሳት የሚለምን፣ የሠርግ ቀን ጫማ የሚለምን አለ። ፀሐይ የለመነኝ ሰው ግን የመጀመሪያዋ እሷ ነች። «አልሠራባትም» አልኳት፤ ሌላ ምን ይባላል። ብርድ ልብሱን ፈታች። ሶላር ነው። ከሥሩ ደግሞ ጥቂት አምፖሎችና የተጠቀለለ ሽቦ። መንደሩ ሲበተን ሌላው ሰው እህሉንና ልብሱን ሲሸከም፣ እሷ ይህን አቅፋ ነው የወጣችው።

እንዲህ ሆነን ጎረቤት ሆንን፤ እሷ ያንን ለማሳያ ዘርግታ፣ ከነጋዴ በዱቤ ያመጣችውን ሶላር ትሸጣለች። አስቡት እንግዲህ፤ እኔ ያለ መብራት እጄ የታሰረ ነው። ካስኩ አይሞቅም፣ ፎኑ አይነፋም፣ ሙሽራ ራሷን አርጥባ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የዲንቄ ዕቃ ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው መብራት ሲጠፋ ነው። የአንዳችን ሠርግ የሌላችን ለቅሶ ማለት ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን በዚህ የተነሳ ጎረቤት ይካሰሳል። እኛ ግን መብራት ሲጠፋ አምፖሏን አምጥታ ከመስታወቴ በላይ ትሰቅልልኝና ሹሩባዬን እቀጥላለሁ። ደንበኞቼም በሁለት በኩል ወሬ አገኙ።

ወሬ ስል ግን ከእኔ በኩል ነው። ዲንቄ አታወራም። ከመናኸሪያው የሚወጣው መንገደኛ በፊቷ ያልፋል፤ ከዲጋ የመጣች ሴት ቆም ብላ «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች።

«ሶላር።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያበራል።»

በቃ። ሴትዮዋ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ዘንቢሏን አንስታ ትሄዳለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም፤ ግን አይሸጥምም። አንድ ቀን አላስችለኝ አለና፣ «አዴ ዲንቄ፣ ለመሆኑ አገርሽ ላይ በዚህ አፍሽ እንዴት ትሸጪ ነበር?» አልኳት።

«እኔ መች ሸጬ አውቃለሁ» አለች። «የምትሸጠው የሺ ነች።»

«እሷስ የት ሄደች?»

ዲንቄ ሽቦውን ስትጠቀልል ቆይታ፣ «አፋን ኮ ጎጃም ጅራ» አለችኝ።

አፋን በኦሮምኛ አፍም ነው፣ ቋንቋም ነው። አፌ ጎጃም ነው ያለው ማለቷ ነው። እኔም ያን ቀን የጀመርኩትን ፀጉር ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝምተኛ ሰው ካወራ ደግሞ አይቆምም።

የሺ የዲንቄ የአጥር ጎረቤት ናት። ወላጆቿ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ዲንቄ ኦሮሞ፣ የሺ አማራ፣ በመካከላቸው ያለው አጥር ደግሞ ልጆቻቸው ሲሾልኩበት አጥርነቱን የተወ ነው። አንድ ጊዜ ሰዎች ወደ መንደሩ መጥተው፣ ሶላር መትከልና መሸጥ የምትማር አንዲት ሴት እንፈልጋለን አሉ። ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። አንዷ ብቻ ናት የምትፈለገው ተባሉ። የሺ ተነስታ፣ «እኛ እኮ አንድ ነን። እሷ እጅ ናት፣ እኔ አፍ ነኝ፤ የትኛውን ትታችሁ የትኛውን ልትወስዱ ነው?» አለቻቸው። ሁለቱንም ወሰዷቸው።

ተምረው ሲመለሱ ችግር መጣ። ሶላር የሚተከለው ጣሪያ ላይ ነው፤ ጣሪያ ላይ ለመትከል ጣሪያ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ሴት ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥታ አታውቅም። የሺ መሰላሉን ይዛ ዲንቄ የመጀመሪያውን ጣሪያ ስትወጣ፣ የዲንቄ አማት ኦቦ ዋቅጅራ ከሩቅ አይተው ዱላቸውን ጣሉ አሉ። ምራቴ በአደባባይ ቆርቆሮ ላይ ወጣች ብለው በማግስቱ ሽማግሌ ሰበሰቡ።

ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ሽማግሌ በነገር አይቸኩልም፤ ከወዲያ ማዶ ተነስቶ፣ ዘር ቆጥሮ፣ ተረት ተርቶ ነው የሚመጣው። አንዱ ነውር ነው አለ፤ ሌላው ትወድቃለች አለ፤ ሌላው ብትወድቅስ ማን ያነሳታል፣ ባሏ እርሻ ላይ ነው አለ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ መሸባቸው። ተናጋሪው ማን እንደሆነ በድምፅ ብቻ መለየት ጀመሩ። ይሄኔ የሺ መጥታ አንድ አምፖል መካከላቸው አስቀምጣ፣ አብርታው፣ ተመልሳ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ አለች። ሽማግሌዎቹም ሴት ጣሪያ ላይ መውጣት የለባትም የሚለውን ክርክር በሶላሩ ብርሃን ቀጠሉ።

በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ አምፖሉን አንስቶ አገላብጦ አየና፣ «ለመሆኑ ይሄ ነገር በአንድ ሙሌት እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?» አለ። ጉባኤው እዚያ ላይ ተበተነ። ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ትልበስ ተብሎ ተፈረደ። ኦቦ ዋቅጅራም በፍርዱ ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት፤ «ሰው ቤት ከመውጣቷ በፊት የእኔን ትጨርስ።»

ከዚያ በኋላ እነዚያ ሁለት ሴቶች ያልደረሱበት ጎጥ የለም። የሺ ቤት ትገባና መጀመሪያ የምታየው ጣሪያውን ነው። የኩራዙን ጥቀርሻ በጣቷ አሳይታ፣ «ይሄን የሚያህል ላዩ ላይ ካለ፣ ልጅሽ ደረት ውስጥ ስንት አለ እቱ?» ትላለች። ለኦሮሞው ቤት በኦሮምኛ ነው የምታወራው፤ ኦሮምኛዋ ወሎ ወሎ ስለሚል ሰው ይስቅባታል። የሳቀ ሰው ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ መስደድ ይቀለዋል። ዲንቄ ይሄኔ መሰላሉን አስደግፋለች።

ሲመለሱ ታዲያ መንደራቸውን ከላይ የምታሳይ አንዲት ኮረብታ አለች። እዚያ ቁጭ ይሉና ጀንበር ስትጠልቅ ይጠብቃሉ። አንድ ብርሃን ብቅ ይላል። «ማን ነው?» ትላለች የሺ። «የቄሱ።» ሌላ ብቅ ይላል። «ያኛውስ?» «ያች ባሏ የሞተባት ሴትዮ፤ ልጇ ሊያጠና ነው።» እንዲህ እያሉ እያንዳንዱን በስሙ ጠርተው ነው ወደ ቤታቸው የሚወርዱት።

«እዚህ ነቀምቴ ሁሉም ቤት በርቷል» አለችኝ ዲንቄ። «የማን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ጨለማው የናፈቃት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ማን ጀመረው፣ ማን አባሰው የሚለውን ለሚያውቁት ትቼዋለሁ፤ ፀጉር ቤቴም ውስጥ ይህ ወሬ ሲነሳ ቧንቧ እከፍታለሁ። አንድ ጠዋት ያ መንደር በሁለት መንገድ ፈሰሰ። እነ የሺ በዓባይ በኩል ወደ ጎጃም፣ እነ ዲንቄ ወደ ነቀምቴ። አጥሩ ላይ ተገናኝተው ለመላቀስ እንኳ ጊዜ አላገኙም። የሺ ልጇን አዝላ፣ «ሶላሩን አንቺ ያዢ፣ መፍቻውንና ፒንሳውን እኔ ይዣለሁ፤ ሲረጋ እንገናኛለን» አለች። የሁለቱ ሥራ እንዲህ ለሁለት ተከፈለ፤ ለአንዷ ያለ መፍቻ ሶላር፣ ለሌላዋ ያለ ሶላር መፍቻ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። የቅርብ ጎረቤት ሲርቅ ምን እንደሚባል የነገረን የለም።

የየሺ ስልክ አይሠራም። ዲንቄ ጠዋት ሶላሩን ዘርግታ እንደጨረሰች መጀመሪያ የምትሠራው ወደ የሺ መደወል ነበር። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» ትላለች ያቺ የታወቀች ድምፅ። ዲንቄ እስከ መጨረሻው ታዳምጣታለች። አንድ ቀን፣ «ምን ትሰሚያለሽ፣ ዝጊው» ብላት፣ «የየሺን ስም ጠርቼ ነው የደወልኩት፤ የመለሰችልኝ ደግሞ ይቺ ሴትዮ ናት። እንዴት ፊቷ ላይ ልዝጋው?» አለችኝ። ቀልዷን ይሁን ከልቧ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እኔ አፍ አላጣሁም፤ ስለዚህ ለጊዜው አፌን አዋስኳት። ከካስኩ ሥር የተቀመጠች ሴት መሸሻ የላትም፤ እኔም ስለ ሶላር እሰብክላታለሁ። የምለው ግማሹ ልክ አልነበረም። ዲንቄ ከበረንዳው ሆና፣ «እንደሱ አይደለም እቴነሽ» ትላለች። እኔ ደግሞ «እንግዲያው አንቺ ንገሪያት» እላለሁ። እንዲህ እየገፋሁ፣ እያናደድኩ፣ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጣኋት። ክፋት አልነበረብኝም፤ አፌን ማዋሱም ደክሞኝ ነበር።

በኋላ አንድ የገበያ ቀን፣ ያቺ ዘንቢሏን አንስታ የምትሄደው የዲጋ ሴት ተመልሳ መጣች። ገዝታ ስታበቃ ግን አልሄደችም። «እንዲህ ያለውን ሥራ እኔም እችላለሁ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዲንቄ መጀመሪያ ወደ እኔ አየች። እኔ ቀለም ላይ ነበርኩና ዞር አላልኩም። ከዚያ ስለዚያ ጣሪያ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ሱሪው ማውራት ጀመረች። የዲጋዋ ሴት እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ በመስታወቱ አየኋት። በሌላው ገበያ እህቷን ይዛ መጣች፤ ቢላ ከምትባለው ከተማ ደግሞ ሌሎች ተከተሉ። በረንዳዬ ትምህርት ቤት ሆነ። መሰላሉን የተከራየነው ከጎረቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ልምምዱ የተደረገው በእኔ ጣሪያ ላይ ስለሆነ ዛሬም ዝናብ ሲዘንብ ወንበር አዛውራለሁ።

ነገሩ ተሰማና አንድ ቢሮ ዲንቄን ጠርቶ እዚሁ ከተማ ሱቅ እንስጥሽ አላት። እኔ ከእሷ በላይ ደስ አለኝ። አገሩም ያኔ እየረገበ ነበር። ባሏ መሬቱን ሊያይ ቀድሞ ሄዶ፣ መኖር ይቻላል የሚል መልእክት ልኮላት ነበርና ሁለት ሐሳብ ሆና ሰነበተች። እኔ ሁለት ሐሳብ አልነበርኩም። ትቅር።

በዚህ መካከል ባሏ ደወለ። ከዓባይ ማዶ ሊጠይቅ የመጣ ሰው የየሺን አዲስ ቁጥር ሰጥቶታል። ዲንቄ ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችውና ወደ ውስጥ ገብታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ተቀብዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ እኔ ደወልኩላት።

«ሄሎ» አለች አንዲት ሴት።

«የሺ ኮ» አለች ዲንቄ። የእኔ የሺ ማለቷ ነው።

ያቺ የጣሪያ ጥቀርሻ እያሳየች ሶላር የምትሸጠው አንደበት ዝም አለች። እኔ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ዲንቄ ግን ማውራት ጀመረች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ዲጋ ሴቶች፣ ስለ እኔም ጭምር፤ «አንዲት ለፍላፊ አለች፣ አንቺን ባታክልም» አለች እፊቴ። ካስክ ሥር የነበረችው ደንበኛዬ እንኳ ጆሮዋን አወጣች። ዲንቄ ሲደክማት ብቻ ነው የየሺ ድምፅ የመጣው።

«አንቺ ነሽ ይህን ሁሉ የምታወሪው?»

«አንቺ ስለጠፋሽ ነው።»

«እኔ እኮ ጣሪያ ወጣሁ ዲንቄዋ። ቡሬ ላይ። ሰው ሶላሩ ተበላሽቶበት አየሁና፣ መፍቻው እጄ ላይ ነበር፣ ምን ላድርግ።»

«ወደቅሽ?»

«ገና ነኝ» አለች የሺ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም አለቀሱ።

ዲንቄ ሱቁን አልቀበልም ያለችው በዚያው ሰሞን ነው። ያለኝን ምክር ሁሉ አወጣሁ። ልጆችሽ እዚህ ይማራሉ አልኳት፤ ስምሽ እዚህ ወጥቷል አልኳት፤ ሰላም እንደ መብራታችን ነው፣ መጥቶ መሄድ ያውቃል አልኳት። የዲጋዎቹ ሴቶች ሱቁን ይያዙት አለችኝ፤ እነሱ ይችላሉ። የሺ እኮ እመለሳለሁ አላለችም፣ ቡሬ ሥራ ይዛለች፣ አልኳት በመጨረሻ። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ግን ብትመጣ ማን ይቀበላታል?»

ስለዚህ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ልሸኛት አብሬያት ሄድኩ።

ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር። መንደሩ ስንደርስ ግማሹ ቤት ቆርቆሮው የለም፤ የተመለሰውም ሰው እርስ በርሱ ሰላም የሚባባለው ረጋ ብሎ፣ የማን ቤት ምን እንደደረሰበት ላለመጥራት እየተጠነቀቀ ነው። የእነ የሺ ቤት ግድግዳው ቆሟል፤ በሩ ግን የለም። ዲንቄ ገብታ ወለሉን ጠራርጋ ወጣች። ማን ሊቀመጥበት ነው አላልኳትም። ከጓሮ ስንዞር ግን የየሺ ማሳ ታርሷል። በቆሎው ቁርጭምጭሚት አልፎ፣ ረድፍ ይዞ ቆሟል። የዲንቄ ባል የራሱን ሲዘራ የጎረቤቱን ጦም ማሳደሩ ከብዶት በዚያው በሬ አርሶታል። ማንም አላዘዘውም።

ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ነው አሉንና ወጣን። ዲንቄ ደወለች።

«የሺ ኮ፣ በቆሎሽ በቅሏል።»

«የማን?»

«ያንቺ። ከእኛው ጋር ዘራነው።»

ነፋሱ ብቻ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሺ፣ እንደ ማንኛዋም እርሻ እንዳላት ሴት፣ «አረሙስ?» አለች።

«ይታረማል።»

«አብሽሪ እንግዲህ። በቆሎው ሲደርስ እመጣለሁ።»

የዘንድሮው ይሁን የከርሞው አላለችም። ዲንቄም አልጠየቀቻትም። ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከትታ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ወደ ማሳው ወረደች። እኔም በዕድሜዬ አረም ከሰብል ለይቼ ባላውቅም፣ ተከትያት ወረድኩ።